ርስቱን በሕይወቱ ያካፈለ ንጉሥ
በቦምቤ፥ በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል ላይ በካህናትና በምእመናን ፊት የተነገረ ቃል



በኦሪት ዘሌዋውያን እንደ ተጻፈ፥ እስራኤል ሰባት ጊዜ ሰባት ዓመት ከቈጠሩ በኋላ ኃምሳኛውን ዓመት ይቀድሱ ነበር፤ ስሙም ኢዮቤልዩ ነው። በዚያ ዓመት ቀንደ መለከት ይነፋል፤ ከድህነት የተነሣ ርስቱን የሸጠ ሰው ወደ ርስቱ፥ በባርነት ከወገኑ የተለየም ወደ ወገኑ ይመለሳል። እንግዲህ ኢዮቤልዩ የሁለት ነገር በዓል ነው፤ አንዱ መሬት፥ ሁለተኛው ዘመድ ነው። ሕጉ እነዚህን ሁለቱን በአንድ ቀን ማገናኘቱ ያለ ምክንያት አይደለም። በመሬት የተነሣ ወንድም ከወንድሙ መለየቱ፥ ወንድማማች ሲለያይም መሬቱ ጠፍ መሆኑ በየአገሩ የታየ ነገር ነውና። ስለዚህ በዚህ ደብር በዓል ላይ፥ ርስቱን ለልጆቹ ስላካፈለና በዚያው ምክንያት ቤቱ ስለ ፈረሰበት አባት መናገር ከበዓሉ የራቀ ሊባል አይገባውም።

ታሪኩ የንጉሥ ሊር ታሪክ ነው። ደራሲው እንግሊዛዊው ዊልያም ሼክስፒር ሲሆን፥ ቴአትሩ በኢትዮጵያ አቈጣጠር በ1599 ዓ.ም. በእንግሊዞች የልደት በዓል ማግሥት በንጉሣቸው በጄምስ ፊት እንደ ታየ ተጽፎ ይገኛል። ከዚያ ወዲህ ከ400 ዓመት በላይ ሲሆን፥ ሰዎች እስከ ዛሬ ድረስ ይጫወቱታል፤ ዛሬ ደግሞ የተጫወቱት በሥዕል እየተቀረጸ በኢንተርኔት መንገድ ባሕር ተሻግሮ ይመጣል። በቦምቤ ያለ ወጣት በእጁ በያዛት ስልክ፥ በእንግሊዝ አገር የተሠራውን ቴአትር ተቀምጦ ሊያይ ይችላል።

አንዳንድ ሰው «በቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ስለ ቴአትር መናገር ምን ይጠቅማል?» ይል ይሆናል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ ሕዝቡ ቤተ ክርስቲያንን ትቶ ወደ ፈረስ ግልቢያና ወደ ቴአትር ቤት ስለ ሮጠ አጥብቆ ገሥጿል። ነገር ግን የተገሠጸው ርኩሰቱና ቤተ ክርስቲያንን መናቁ እንጂ፥ ታሪክን በሰው አካል አስመስሎ ማስተማር አይደለም። በኢትዮጵያም ቴአትርን ከመሠረቱት ሰዎች አንዱ ዮፍታሔ ንጉሤ፥ ጎጃም ደብረ ኤልያስ ከቅኔ ጉባኤ የወጣ የቤተ ክርስቲያን ልጅ ነበረ። በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ 25ኛው የዘውድ በዓል ሲከበር በአዲስ አበባ ትልቁ ቴአትር ቤት፥ ያም ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የሚባለው፥ ሲመረቅ፥ የቀረበው ጨዋታ የራስ ቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» ነበረ። ያ ቀንም የኢዮቤልዩ ቀን ነበረ፤ የቀረበውም ነገር ከመጽሐፈ ሳሙኤል የተወሰደ፥ ንጉሥ በሰው ሚስት ምክንያት ያደረገው በደል ነበረ። ከዚያ በኋላ ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ከሼክስፒር ድርሰቶች «ኦቴሎ»ን፥ «ሐምሌት»ንና «ማክቤዝ»ን ወደ አማርኛ መልሶ ለሕዝብ አሳይቷል። ስለዚህ የሼክስፒር ነገር ለአማርኛ ጆሮ እንግዳ አይደለም።

የሊር ታሪክ በአጭሩ እንዲህ ነው።

ሊር የብሪታንያ ንጉሥ ነበረ፤ ዕድሜው ከሰማንያ አለፈ። ወንድ ልጅ አልነበረውም፤ ሴቶች ልጆቹ ሦስት ነበሩ፤ ጎነሪልና ሬገን ያገቡ፥ ታናሺቱ ኮርዴልያ ግን ገና ያላገባች ነበረች። ሽማግሌው ከመንግሥት ድካም ለማረፍ አሰበና አገሩን በሦስት ከፈለ። ነገር ግን ድርሻውን ከመስጠቱ በፊት አንድ ነገር ጠየቀ፤ «አባቷን አብልጣ የምትወድ የትኛይቱ እንደ ሆነች በሰው ሁሉ ፊት ትናገር» አለ። ሁለቱ ታላላቆች አንደበታቸውን አሹለው፥ ከዓይን ብርሃን ከነፍስም ይልቅ እንወድሃለን አሉት። ታናሺቱ ግን ልጅ አባቷን መውደድ የሚገባትን ያህል እንደምትወደው፥ ከዚያ አብልጣም ሆነ አሳንሳ እንደማትወደው ተናገረች። ንጉሡ ይህን እውነት እንደ ስድብ ቈጠረው፤ ኮርዴልያን ያለ ጥሎሽ አባረራት፤ ድርሻዋንም ለሁለቱ ደረበላቸው። የፈረንሳይ ንጉሥ ባዶ እጅዋን አገባት። ስለ እርስዋ የተከራከረው ታማኙ ባላባት ኬንትም ተሰደደ።

ሊር አገሩን ሰጠ፤ ክብሩን ግን አልሰጠም። 100 ወታደር አስከትሎ በየወሩ ከአንዲቱ ልጁ ቤት ወደ ሌላይቱ ሊዘዋወር ቃል አስገብቶ ነበር። ጥቂት ጊዜ እንደ ቈየ ጎነሪል ወታደሮቹን ወደ 50 አወረደችበት። ወደ ሬገን ቢሄድ 25 ብቻ አለችው። በመጨረሻም አንድ ስንኳ ምን ያስፈልግሃል አሉት። ሽማግሌው በቍጣ ወጣ፤ ደጁም በኋላው ተዘጋበት። በዚያች ሌሊት ነጐድጓድና ዝናም ሆነ፤ ንጉሡ ከአጫዋቹና ስሙን ለውጦ ከተመለሰው ከኬንት ጋራ በሜዳ ላይ ቀረ፤ አእምሮውም ታወከ።

በዚህ ታሪክ ጐን ሌላ የአባትና የልጅ ታሪክ አብሮ ይሄዳል። ግሎስተር የሚባል መስፍን ሁለት ልጆች ነበሩት፤ ኤድጋር ከሕጋዊት ሚስቱ፥ ኤድመንድ ግን ከውጭ የተወለደ። ኤድመንድ ሐሰተኛ ደብዳቤ ጽፎ ወንድሙን ከአባቱ አጣላ፤ ኤድጋርም እንደ እብድ ለማኝ ሆኖ ተደበቀ። ግሎስተር ለንጉሡ ስለ ራራ የሬገን ባል ሁለት ዓይኖቹን አወጣበት፤ ልጁን በከንቱ እንዳሳደደም ያወቀው ዓይኑ ከጠፋ በኋላ ነው። ያን ዕውር ሽማግሌ እጁን ይዞ የመራው ማንነቱን ሳይገልጥ የቀረበው ያ የተሰደደው ልጁ ኤድጋር ነበረ።

ኮርዴልያ አባቷን ለማዳን ከፈረንሳይ ሠራዊት ይዛ መጣች። ሊር ከሕመሙ ሲነቃ አየቻት፤ አባት በልጁ ፊት ሊንበረከክ ሲል ልጅ በአባቷ ፊት ተንበረከከች። ነገር ግን ጦርነቱ ተሸነፈ፤ ሁለቱም ተማረኩ። ጎነሪል እኅቷን ሬገንን በመርዝ ገድላ ራስዋን አጠፋች። ኤድመንድ በወንድሙ ሰይፍ ወደቀ፤ አስቀድሞ የሰጠው ትእዛዝ ግን ኮርዴልያን በወኅኒ አሳንቆ ነበር። ሊር የልጁን ሬሳ ታቅፎ ወጣ፤ እርስዋን እያየም ሞተ።

ይህን መጨረሻ ሰው ሁሉ ሊታገሠው አልቻለም። ከሼክስፒር በፊት በነበረው በጥንቱ ታሪክ ሊር ወደ ዙፋኑ ተመልሶ ነበር፤ መራራውን ፍጻሜ የጨመረው ሼክስፒር ነው። በ1673 ዓ.ም. ናሁም ቴት የሚባል ደራሲ ቴአትሩን ለውጦ ኮርዴልያን ከሞት አዳናት፤ ለኤድጋርም ዳራት፤ ንጉሡንም ወደ ዙፋኑ መለሰው። እንግሊዞች መቶ ዓመት አልፎ እስከ መቶ ኃምሳ ዓመት የሚደርስ ጊዜ የቴትን ጨዋታ ሲያዩ ኖሩ። ታላቁ ሊቅ ሳሙኤል ጆንሰን በ1758 ዓ.ም. የሼክስፒርን ድርሰቶች ሲያሳትም፥ የኮርዴልያ ሞት ልቡን ስላቈሰለው ያን ክፍል ዳግመኛ ለማንበብ ለብዙ ዓመት እንዳልደፈረ ጽፏል። በ1830 ዓ.ም. ዊልያም ማክሬዲ የሚባለው የቴአትር ሰው የሼክስፒርን ቃል ከነመራራው ፍጻሜ ወደ መድረክ መለሰው።

ቃሉ ቢመለስም ጌጡ በዛ። በማክሬዲም በኋላ በመጡትም ዘመን በመድረክ ላይ የድንጋይ ግንብ ይሳል፥ ዘውድና ካባ ይደረደር፥ ዝናሙና መብረቁ በመሣሪያ ይሠራ ነበር። ተመልካቹ የመብረቁን ሥራ እያደነቀ የሽማግሌውን ልቅሶ ይረሳ ጀመር። በ1955 ዓ.ም. ፒተር ብሩክ የሚባል አዘጋጅ በስትራትፎርድ፥ ያም ሼክስፒር በተወለደባት ከተማ፥ ይህን ሁሉ ጌጥ አነሣው። መድረኩን ባዶ ሊሆን ጥቂት እስኪቀረው ድረስ አራቈተው። የሰቀለው ነገር ቢኖር ሲመታ እንደ ነጐድጓድ የሚያስገመግም የዛገ ብረት ነበረ። ተጫዋቾቹንም በጌጠኛ ልብስ ፋንታ ሥራና ጊዜ የጐዳው የሚመስል ቁርበት አለበሳቸው። ንጉሡን የተጫወተው ፖል ስኮፊልድ ነበረ። ጨዋታው ከዚያ በኋላ በለንደን፥ በ1956 ዓ.ም. ደግሞ በሞስኮና በኒውዮርክ ታየ። በ1963 ዓ.ም. እነዚያው ብሩክና ስኮፊልድ ይህንኑ ታሪክ በዴንማርክ አገር በበረዶ ወራት፥ ያለ ቀለም በጥቁርና በነጭ ሲኒማ አወጡት።

ብሩክ በ1960 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ያስተማረው ነገር፥ ሰው የሚሄድበትና ሌላ ሰው ቁሞ የሚያየው ባዶ ስፍራ ካለ ለቴአትር ይበቃል የሚል ነው። በ1965 ዓ.ም. ጓደኞቹን ይዞ በአልጄሪያ፥ በኒጄርና በናይጄሪያ ሲዘዋወር፥ በየመንደሩ ምንጣፍ አንጥፎ በምንጣፉ ላይ ይጫወት ነበር። ይህ ሰው በ2014 ዓ.ም. በሰኔ ወር በ97 ዓመቱ ዐረፈ።

ስለ ባዶ መድረክ የቤተ ክርስቲያን ልጅ ብዙ ማስረዳት አያሻውም። በሰሞነ ሕማማት ጌጥ ሁሉ ይነሣል፤ መጋረጃው ይጠቍራል፤ መስቀል መሳለም ይቀራል፤ ሰላምታም አይሰጥም። ይህ ሁሉ ሲነሣ ግን ንባቡ አይነሣም፤ ይልቁንም ይበዛል። ጌጡ የተነሣው ቃሉ እንዲሰማ ነው። ሊርም በዚያች የዝናም ሌሊት በገዛ እጁ ልብሱን ይቀዳል፤ እንደ ኢዮብም ሰው ራቁቱን እንደ መጣ ያስተውላል። ንጉሥ ሳለ ያላየውን የድሀ ብርድ፥ ጣራ የሌለውንም ሰው የሚያስበው ያን ጊዜ ነው። መድረኩ ባይራቈት ይህ የንጉሥ መራቈት ከቀለምና ከካባ መካከል ጠፍቶ ይቀር ነበር።

ብሩክ ሌላም ነገር አደረገ። በፊት ሲጫወቱ ጎነሪልንና ሬገንን ከመጀመሪያ እንደ አጋንንት አድርገው ያሳዩ ነበር። ብሩክ ግን ነገሩን እንደ ሽማግሌ ዳኛ ከሁለት ወገን ሰማው። ሊርና ወታደሮቹ በጎነሪል ቤት ማዕድ ሲገለብጡ፥ ሲጮኹ፥ ቤቱን ሲበጠብጡ አሳየ። የዚያን ጊዜ ተመልካቹ «ይህች ሴት እኮ ምክንያት አላት» ማለት ይጀምራል። ይህም ታላቅ ትምህርት ነው። በቤተ ሰብ ጠብ መካከል ፍጹም በዳይና ፍጹም ተበዳይ እምብዛም አይገኝም። መጀመሪያው ትክክለኛ ቅሬታ ነው፤ ቅሬታው ይደነድንና ቂም ይሆናል፤ ቂሙም በመጨረሻ በሽማግሌ አባት ፊት በር ይዘጋል። በር የዘጋው ሰው ሁሉ «ምክንያት ነበረኝ» ይላል፤ ምክንያቱም ውሸት ላይሆን ይችላል፤ ደጁ ግን ተዘግቷል።

ነገር ግን ብሩክ ሊነሣ የማይገባውንም አነሣ። በሼክስፒር ጽሑፍ የግሎስተር ዓይን ሲወጣ ከአገልጋዮቹ አንዱ አላስችል ብሎት በጌታው ላይ ሰይፍ ይመዛል፤ እርሱም በዚያው ይሞታል። ሌሎች ሁለት አገልጋዮች ደግሞ የሽማግሌውን ደም የሚጠርጉበት ጨርቅና የእንቍላል ውኃ ሊያመጡ፥ የሚመራውንም ሰው ሊፈልጉለት ይነጋገራሉ። ስም የላቸውም፤ የሚናገሩትም ጥቂት ቃል ነው። ብሩክ የእነዚህን የሁለቱን ቃል ቈረጠው። በዚያው ሰዓት የተመልካቾቹ አዳራሽ መብራት በራ፤ ዕውሩም ብቻውን እየዳበሰ ወጣ። ይህንም ያደረገው ተመልካቹ ያለ ማጽናኛ እንዲቀር፥ ዓለምንም በጭካኔዋ እንዲያያት ብሎ ነው።

ይህ ሐሳብ ኃይል እንዳለው አይካድም፤ ግን በሚዛን ሲመዘን ይጐድላል። ጌጥን ማንሣት ሌላ፥ ምሕረትን ማንሣት ሌላ ነው። የተቀባው ግንብ ከታሪኩ ውጭ የተጨመረ ነበረ፤ የአገልጋዮቹ ርኅራኄ ግን ከታሪኩ ሥር ነው። ሼክስፒር በክፉዎች ቤት ውስጥ ስም የሌላቸውን ደጎች ያስቀመጠው፥ ክፋት ቤቱን ሁሉ እንዳልያዘው ለማሳየት ነው። ጌታ በተሰቀለባት ቀን ጭካኔው ሁሉ ቢሠለጥን እንኳ፥ የቀሬናው ስምዖን መስቀሉን ተሸክሟል፤ ዮሴፍ ዘአርማትያስም ሥጋውን ለምኗል። የእነዚህን ስም ከንባቡ የሚቈርጥ ሰው ሕማማቱን ይበልጥ እውነተኛ አያደርገውም፤ ያጐድለዋል እንጂ። ስለዚህ ብሩክን ማመስገን ለሚገባው መድረኩን ስላራቈተ ያመስግነው፤ ስለ ሁለቱ አገልጋዮች ግን ይውቀሰው።

በሚያዝያ ወር በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ታላዋ የሚባለው የጥቁር እንግሊዛውያን የቴአትር ማኅበር በማንችስተር ከተማ ይህንኑ ሊር ተጫወተው። ታላዋ በ1978 ዓ.ም. የተመሠረተ ሲሆን፥ የዚህ ጨዋታ አዘጋጅ ማይክል በፎንግ፥ ንጉሡን የተጫወተው በትሪኒዳድ የተወለደው ዶን ዋሪንግተን ነበረ። የማንችስተሩ ቴአትር ቤት ሮያል ኤክስቼንጅ፥ ቀድሞ የጥጥ ነጋዴዎች ይገበያዩበት በነበረው አዳራሽ መካከል የተሠራ ነው፤ መድረኩም ክብ ነው። ሕዝቡ በዙሪያው ይቀመጣል፤ ስለዚህ በስተኋላ ሥዕል ሊሰቀል አይቻልም፤ አንዱ ተመልካች ከሽማግሌው ትከሻ በላይ የሌላውን ተመልካች ፊት ያያል። ከክብ ቤተ ክርስቲያን ቅኔ ማኅሌት ቁሞ ያደገ ሰው ይህ አይጠፋውም። ሲያዜሙ ከወዲህና ከወዲያ የተቀመጠው ሕዝብ ሲተያይ፥ የአንዱ እንባ ለሌላው ይተርፋል። ይህም ጨዋታ ተቀርጾ በቢቢሲ በቴሌቪዥንም በኢንተርኔትም ለሕዝብ ታየ።

በ2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ ሰውን ከሰው በለየ ጊዜ የዓለም ቴአትር ቤቶች ተዘጉ፤ ብዙዎቹም የተቀረጸውን ጨዋታቸውን በኢንተርኔት ከፈቱ። በኢትዮጵያም በዚያች በፋሲካ ሰሞን ምእመናን ከቤታቸው ሆነው በቴሌቪዥን ጸሎቱን እንዲከታተሉ ተነግሮ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ደጅ መራቅ ለምእመናን ምን ያህል እንዳሳዘነ ይታወቃል። ያን ጊዜ የተማሩት ነገር ይህ ነው፤ ሩቁን ማየት መልካም ነው፥ መገናኘትን ግን አይተካም። ቴአትርም እንዲሁ ነው። ብቻውን በስልክ የሚያይ ሰው የሊር ልቅሶ ሲከብደው በጣቱ ነክቶ ያቆመዋል፤ ወደ ሌላ ነገርም ይሻገራል። በአዳራሽ የተቀመጠ ግን ሊያቆመው አይችልም፤ ከጐኑ ካለው ሰው ጋራ እስከ መጨረሻው ይታገሣል። ሐዘን ከሰው ጋራ ሲሆን ይቻላል፤ የለቅሶ ቤት ሥርዓትም የተሠራው ለዚህ ነው። ስለዚህ ልጆች እንዲህ ያለውን ነገር ሲያዩ ወላጅ ወይም መምህር ከአጠገባቸው ተቀምጦ አብሮ ቢያይና ከዚያ በኋላ ቢነጋገሩበት ይሻላል። ብቻቸውን የሚያዩት ከሆነ ግን ያ የዓይን ማውጣት ክፍል ያለ ትርጓሜ ጭካኔ ብቻ ሆኖ በልባቸው ይቀራል።

እንግዲህ ቅኔ የተማረ ሰው ሰሙን ሰምቶ ወርቁን ይጠይቃል። የሊር ታሪክ ሰሙ የንጉሥ መንግሥት ነው፤ ወርቁ ግን በወላይታ በየደጁ ያለ ነገር ነው። ወላይታ ሕዝቡ የበዛበት፥ መሬቱ ያነሰበት አገር ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ቢልም፥ ገበሬው የሚያርስበት መብት ለቤተ ሰቡ ይተላለፋል። አባት ከአባቱ የተቀበላትን ጥቂት እርሻ ለሁለት፥ ለሦስት፥ ለአራት ልጅ ሲያካፍል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ከጓሮ አይበልጥም። ገሚሱ ልጅ ለሥራ ወደ ሶዶ፥ ወደ አዲስ አበባ፥ ከዚያም ወደ ሩቅ ይሄዳል። አባት ያረጃል። ያን ጊዜ እንደ ሊር «የትኛው ነው አብልጦ የሚወደኝ?» የሚል ጥያቄ በልቡ ይነሣል፤ በአፉ ባይናገረውም በድርሻው ይለካዋል። አንደበተ መልካሙ ልጅ ወደ አባቱ ይቀርባል፤ የማይናገረውና የሚሠራው ልጅ ይራቃል። ሊር ርስቱን በወርቅ አልሸጠም፤ በቃል ሸጠ። ቃል ደግሞ በማግሥቱ ዋጋው ይወድቃል።

ኢያሱ ወልደ ሲራክ ስለዚህ ነገር አስቀድሞ ተናግሯል። ሰው በሕይወቱ ሳለ ለልጁም፥ ለሚስቱም፥ ለወንድሙም፥ ለወዳጁም በራሱ ላይ ሥልጣን እንዳይሰጥ፥ ሀብቱንም ለሌላ አሳልፎ ከሰጠ በኋላ ተመልሶ እንዳይለምን፥ ልጆቹ የአባታቸውን እጅ ቢያዩ እንደሚሻል፥ ርስቱንም በዕለተ ሞቱ እንዲያካፍል ይመክራል። ይህ ለአባቶች የተሰጠ ምክር ነው። ለልጆችም ያው መጽሐፍ ሌላ ቃል አለው፤ አባት ሸምግሎ አእምሮው ቢደክም እንኳ ልጁ እንዲታገሠው፥ በብርታቱም ቀን እንዳይንቀው ያዝዛል። የሲራክ ጥበብ ሁለቱን አንድ ላይ መያዙ ነው። አባት ጥንቁቅ ቢሆንና ልጅ ባይታገሥ ቤቱ አይጸናም፤ ልጅም ታጋሽ ቢሆንና አባት ፍቅርን በገበያ ቢያወጣ ቤቱ አይጸናም። ሊር የመጀመሪያውን ምክር አልሰማም፤ ጎነሪልና ሬገንም ሁለተኛውን።

የዚህ አገር ገበሬ ለዚህ ነገር ከመጽሐፍ ሌላ ምስክር በጓሮው አለው። እንሰት ሲራባ አንዲቱ ተክል ገና ሳትደርስ ትቈረጣለች፤ እምብርቷም ይወጣል፤ ሥርዋም ተመልሶ በአፈር ይቀበራል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከዚያ ከተቀበረው ሥር ብዙ ችግኝ ይወጣል። እናቲቱ ራስዋን ሰጥታ ልጆችን አስገኘች። ነገር ግን ገበሬው እነዚያን ችግኞች በዚያው ተጨናንቀው እንዲቀሩ አይተዋቸውም። ይነቅላል፤ ያራርቃል፤ ደግሞም ነቅሎ በሌላ ስፍራ ይተክላል። ፍሬውም የሚገኘው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። መስጠት እንዲህ በሥርዓት ሲሆን ሕይወት ይሆናል። ሊር ግን ሥሩን ሳይቀብር ራሱን ቈረጠ፤ ስጦታውን እንጂ ሥርዓቱን አላወቀም። ከዚያ ሌላ፥ የተነቀለው ችግኝ በሌላ አፈር ቢተከልም ያው የዚያች እናት ወገን ነው። ወደ ሩቅ ከተማ የሄደውን ልጅ ሩቅ ነው ብሎ ከርስት ስም መፋቅ፥ በቤት የቀረውንም ቅርብ ነው ብሎ ልቡን አለመጠየቅ ሁለቱም የገበሬን ጥበብ መርሳት ነው።

ከዚህ የተነሣ ለዚህ ደብር አባቶችና ሽማግሌዎች ሦስት ነገር መናገር ይገባል። አንደኛ፥ አባት ርስቱን የሚያካፍልበትን ቃል ልጆቹ ሁሉ ባሉበት፥ በሽማግሌዎችና በንስሐ አባቱ ፊት ቢናገረው ይሻላል፤ በአንዱ ጆሮ ብቻ የተነገረ ቃል የኤድመንድ ደብዳቤ ይሆናልና። ሁለተኛ፥ አባት ልጆቹን በፍቅር እንዲሽቀዳደሙ አያድርጋቸው፤ የዝምተኛውን ልጅ ፍቅር በሥራው ይመርምረው። ሦስተኛ፥ የተባረረ ልጅ ያለው ቤት እርቁን አያቈየው። የወላይታ ሕዝብ በጊፋታ በዓል ከሩቅ ያሉት ልጆች ወደ ቤት ሲመለሱ የተጣላ እንዲታረቅ፥ ዕዳ ያለበትም ዕዳውን እንዲከፍል ማድረጉ የቈየ መልካም ልማድ ነው። ልማዱን ይጠብቀው፤ ልማዱንም የቤተ ክርስቲያን ጸሎት ይደግፈው።

ኮርዴልያ ወደ አባቷ ተመልሳ ነበር፤ ይቅርታም ተደርጎ ነበር። የታሪኩ ሐዘን ይቅርታ ስለ ጠፋ አይደለም፤ ስለ ዘገየ ነው። የኤድመንድ ትእዛዝ አስቀድሞ ወጥቶ ነበርና፥ መልእክተኛው ሊያስቀር ቢሮጥ እንኳ አልደረሰም። ዳዊት ስለ አቤሴሎም ሲያለቅስ በእርሱ ፋንታ ሞቶ ቢሆን ተመኝቶ ነበር፤ ሊርም ኮርዴልያን ታቅፎ እንደዚያው አለቀሰ። ሁለቱም ነገሥታት ነበሩ፤ ሁለቱም ያለቀሱት ልጅ ከሞተ በኋላ ነው።

ስለዚህ ሕጉ ኢዮቤልዩን በየኃምሳው ዓመት ቢወስነውም፥ ለቤተ ሰብ ግን በየዓመቱ፥ ቢቻልም በየሳምንቱ ኢዮቤልዩ ያስፈልገዋል። ከአባቱ የተለየ ልጅ፥ ከእኅቱ የተጣላ ወንድም፥ በድርሻ ምክንያት ደጅ የዘጋ ጐረቤት ይህ በዓል ሳያልፍ፥ ጸበሉ ተጠጥቶ ሕዝቡ ወደ ቤቱ ሳይመለስ፥ ወደ ወገኑ ይመለስ። የማይመለስ ቢኖር ሌላው ቀድሞት ይሂድ።

ደብሩን ከመሠረቱት አባቶች ያለፉትን ነፍሳቸውን ያሳርፍ፤ ያሉትን በጤና ያቈይ፤ ልጆቹንም ርስት ከሰላም ጋራ ያውርሳቸው። አሜን።